የሦስተኛው ቀን ልኬት

ወልደገብርኤል እባላለሁ፤ የከርሰ ምድር ውሃ አጥኚ ነኝ። በ1963 ዓ.ም. በመጽሔት ባወጣሁት ጽሑፍ ሹመት አግኝቻለሁ፣ ጭብጨባም ጠግቤበታለሁ። በውስጡ አንድ የውሸት ቁጥር አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ቦታው ከነገሌ ወደ ሜጋ በኩል፣ ቦረናዎች ኤላ የሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። የኤላው አባ ሄሬጋ፣ ማለትም ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ ወረፋ የሚደለድሉት፣ ሶራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸው ሥርዓት ጉድጓዱ ሁለት ቀን ያርፋል፣ በሦስተኛው ይቀዳል። እኔ የደረስኩት ማረፍ በጀመረበት ቀን ነው። ሜትሬን አወረድኩ፤ ውሃው ሞልቷል። በማግሥቱም ሞልቷል። ከብት ባለማየቴ፣ ውሃው ከጠጪው በላይ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሶራ ግን ነግረውኛል። በጭነት መኪናው ያመጣኝ የነገሌው ነጋዴ ዓብዱልመጂድ ቃል በቃል ተርጉሞልኛል። የዚህን ውሃ አቅም ማወቅ የፈለገ ነገ ቆይቶ ይይ፣ ከብቱ ጠጥቶ ሲሄድ የሚቀረው ጭቃ ነው አሉ። እኔ ግን አቧራውም ዝንቡም አንገሽግሾኝ ነበር። ዓብዱልመጂድ የሚመለሰው በዚያው ቀን ነው፤ ካመለጠኝ ሌላ አራት ቀን መቆየቴ ነው። የሆቴል አልጋና ቀዝቃዛ ቢራ ናፈቀኝና ተሳፈርኩ። ቢሮዬ ገብቼ የሁለቱን ቀናት አማካይ አወጣሁና በሦስተኛው ቀን ቦታ ሞላሁት። በምስጋናው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ትሁት ለመምሰል፣ "መረጃውን ለሰጡኝ ለአቶ ሶራ" ብዬ አሳተምኩ።

በጽሑፌ መሠረት የውሃ መሳቢያ ሞተር ተተከለ። ሞተር እረፍት አያውቅም፤ በየቀኑ ሳበ፣ ከሩቅ ያለ ከብትም ሁሉ መጣ። ዓመት ሳይሞላው አሸዋ መትፋት ጀመረ፣ ቀጥሎም የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ። ይህን አዲስ አበባ ሆኜ በሪፖርት አንብቤያለሁ፤ አንብቤም ዝም ብያለሁ።

ዝም ማለት ያቃተኝ የዓብዱልመጂድ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ለካ ሞተሩ ሲተከል አንድ ሹም ጽሑፌን ለሕዝቡ አንብቦ፣ ውሃው ይበቃል ያለው የራሳችሁ ሰው ሶራ ነው ብሎ ኖሯል። ጉድጓዱ ሲጠፋ ጎሳው፣ ሸጠን ብሎ፣ ከአባ ሄሬጋነት ሻራቸው። ሰላምታ የሚሰጣቸውም ጥቂት ሰው ነው። "ሶራ ያሉትን የሰማነው ሁለታችን ነን" ይላል ደብዳቤው። "እኔ ብናገር ነጋዴ ነው ብለው አላመኑኝም። አንተ ና።"

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ሶራ ከሁሉም ራቅ ብለው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እዚያ አገር ማንም ዘሎ ነገር ውስጥ አይገባም። ናጋ፣ ማለትም ሰላም፣ ተባባልን፣ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ከብቱስ ደኅና ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅኩ። ደኅና ነው ብለው መለሱልኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ተነሣሁ። ዓብዱልመጂድ እየተረጎመልኝ፣ "አባ ሶራ ነገ ቆይተህ እይ ብለውኝ ነበር። አልቆየሁም። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

ብዙ ተማከሩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። በመጨረሻ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ቃሌን እንደተቀበሉና አባ ሄሬጋነቱም ለሶራ እንደተመለሰ ተናገሩ። እፎይ አልኩ። ቢያንስ አንድ ነገር አስተካከልኩ ብዬ፣ ሳላፍር፣ ፈገግ አልኩ።

ሶራ ወደ እኔ መጡ። እጄን ይዘው ወደ ተናደው ጉድጓድ ወሰዱኝ። በዙሪያው የከብት ዱካ እንኳ የለም፤ መንጋቸው ሩቅ አገር በሌላ ጎሳ ጉድጓድ ወረፋ ይለምናል። ሶራ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

"ሥራዬን መለስክልኝ። ጥሩ አደረግህ" አሉ። "አሁን ንገረኝ፤ ነገ ወረፋ የማን ነው?"

እጄን ሳይለቁ ጠበቁ።