የጠበበው ሱሪ

«ይሄስ ለሰው ይሰጥ?» አለች የሟች እህት፣ ከቁም ሳጥኑ አንድ ግራጫ ሱሪ አውጥታ እያሳየችው።

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በውሰት አግዳሚ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ለቀስተኛው ሻዩን ይዞ ስለ ዝናቡ ያንሾካሹካል።

«እሱ ይቀመጥ።»

«አንዱ እግሩ ከሌላው ሰፊ ነው እኮ፣ ማን ይለብሰዋል? ደግሞ ካንተ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ወጣ?»

የወጣው ከእሱ እጅ ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ሚስቱ ለጡቷ ካንሰር መድኃኒት መውሰድ በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ «ግራው ጠበበኝ፣ አስፋልኝ» ብላ ሱሪውን የስፌት መኪናው ላይ ጣለችለት። ልብስ ሰፊ አይደል፣ የጠበበ ነገር ሁሉ የጨርቁ ጥፋት ይመስለዋል። ስፌቱን ፈትቶ አሰፋላት። በአራተኛው ቀን እንደገና ጠበባት፤ እንደገና አሰፋ።

«ወፈርሽ ማለት ነው» አላት፣ ደስ ብሎት።

«በአንድ እግር?»

ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጠራት። እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ሳንባዋ ገብቶ ነበር። ካንሰር ደም እንደሚያረጋ፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት እንዳለበት ነርሷ የነገረቻቸው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት የነገራቸው የለም። ተረፈች። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ መወጋት ነበረባት፤ የሚወጋትም እሱ። ሆዷ በልዞ፣ «እኔን ብሎ የባለ መርፌ ሚስት!» እያለች ታሾፍበት ነበር።

የገደላት ካንሰሩ ነው። ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮታል። እሱ ግን ስለዚያ ሱሪ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ያፍር ነበር።

«ያጽናህ ጋሼ» አለና ሾፌሩ አጠገቡ ተቀመጠ። የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው ነው፤ እሱም ካንሰር ይዞት ከሟች ጋር በአንድ ክፍል መድኃኒት ይወስድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«በሐዘንህ ላይ ማስቸገር እንዳይሆንብኝ እንጂ... ሥራ ስትጀምር ይቺን ሱሪ ታሰፋልኛለህ? ቀኙ ጠቦኛል።»

«ግራውስ?»

«ግራው ደህና ነው።»

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። የሾፌሩን ባት ዳሰሰ፤ ተወጥሯል፣ ይሞቃል።

«መቼ ጀመረህ?»

«ሦስት ቀኑ። ተቀምጬ ስለምውል ነው፣ ይተወኛል።»

«ተነስ። ሆስፒታል እንሂድ።»

ለቀስተኛው ዞሮ አያቸው።

«ሰው እየመጣ ሐዘንተኛ ይወጣል እንዴ?» አለች እህትየው።

«እኔ አሰፋሁላት» አላት። «እግሯ አብጦ፣ እኔ ሱሪዋን አሰፋሁላት። ሁለቴ።»

እህትየው እጇ ላይ ያለውን ስፌት ረጋ ብላ አየችው። ሱሪውን አጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ከዚያ የእሱን ጫማ ከበሩ ሥር አንስታ፣ ጎንበስ ብላ እግሩ አጠገብ አኖረችለት።