ዊማላሴና የሰጠው ሰዓት

ዊማላሴና ኮከብ ቆጣሪ ነው፤ ያውም ማታራ ከተማ ውስጥ ሙሽራውም ነጋዴውም ሳያማክረው ከደጁ የማይወጣ። የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጣ ቁጥር ደግሞ ራዲዮ ጣቢያው "ማን ያሸንፋል?" እያለ ይነዘንዘዋል። ዘንድሮም የተወዳዳሪዎቹን ልደት አስልቶ፣ "ወጣቶቹ የሚደግፉት ሰው ያሸንፋል" ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ያልተናገረው ሌላ ነው። ዙሐል የሚባለው ኮከብ ዞሮ ወደ ክፉ ቤቱ በገባ ቁጥር ይህች ደሴት የአንድ ትውልድ ልጆቿን ትበላለች፤ በመጀመሪያው የወጣቶች አመፅ ወንድሙን፣ በሁለተኛው የበኩር ልጁን በልታበታለች። አሁን ዙሐል ተመልሷል። ቤቱ ውስጥ የቀረው ወጣት ደግሞ የልጅ ልጁ ቲሊና ብቻ ነው፤ እሱም ትልቁ ከተማ ኮሎምቦ ለመጨረሻው የምርጫ ሰልፍ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

"ኮከቦቹም ድምፅ ይሰጣሉ እንዴ አባባ?" አለው እየሳቀ፣ ባንዲራውን እየጠቀለለ።

"ሳቅ አንተ! ወንድሜም እንዲሁ ይስቅ ነበር።"

"ያኔና አሁን አንድ ነው እንዴ? እኛ የያዝነው ካርድ ነው፣ ጠመንጃ አይደለም።"

እናቱ ዲልሩክሺ ከማድቤት ብቅ አለች። "ካርድም ያዝ ሌላ፣ ያለ ሰዓቱ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ አትልም! አባዬ፣ የሚወጣበትን መልካም ሰዓት ከኮከቡ አይተው ይንገሩት።"

"እሺ በቃ፣ ላንቺ ስል" አለ ቲሊና።

ዊማላሴና አሰላ። መልካሙ ሰዓት ማለዳ ነበር፤ የወጣቶቹ አውቶቡስም የሚነሳው ያኔ ነው። በዕድሜው ስለ ሰዓት ዋሽቶ አያውቅም፣ ባለጠጋ ሲለማመጠው እንኳ። ግን አውቶቡሱ ካመለጠው ልጁ ቤቱ ይቀራል ብሎ አሰበ።

"ከቀትር በኋላ ነው። ማለዳው ክፉ ነው" አለ ዓይኑን ሰብሮ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አውቶቡሱ ማለዳ ተነሳ፣ በሰላምም ገባ። ቲሊና ግን በዚህ የሚቀር ልጅ ነው? ከቀትር በኋላ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘና፣ እናቱ እንዳዘዘችው ቀኝ እግሩን አስቀድሞ፣ አያቱ ባለው ሰዓት ወጣ። ሽማግሌው ምን ይበል? ዋሸሁ ይበል? ደጃፍ ድረስ ሸኘው። ሚኒባሱን መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቁመው ቲሊናንና አብረውት የተሳፈሩትን ልጆች ይዘዋቸው ሄዱ። የማን ሰዎች እንደሆኑ የሚያውቅ ጠፋ፤ የተጠየቀው ሁሉ "አላየንም" አለ።

ውጤቱ በታወቀ ቀን ወጣቶቹ የደገፉት ሰው አሸነፈ። ሰፈሩ ርችት በርችት ሆነ። ጎረቤቶች "አይ አንቱ! ቃልዎ እኮ መሬት ጠብ አይልም!" እያሉ ሊያመሰግኑት መጡ። እሱ ሬሳ መስሎ ተቀምጧል።

ዲልሩክሺ እንደ በዓል ቀን ሩዝ በኮኮናት ወተት እየቀቀለች ነው። አላለቀሰችም።

"ምነው አባዬ ፊትዎ ጠቆረ? ሰው ሁሉ ሊያስለቅሰኝ ይፈልጋል፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰጋም። ልጄ የወጣው በመልካም ሰዓት ነው፣ ያውም እርስዎ ሰጥተውት!" ማማሰያዋን አቁማ አየችው። "መልካም ነበር፣ አይደል?"



"መልካም ነበር ልጄ" አላት።

እሷም ለሦስት ሰው ሰሃን ደረደረች።