የደሴቷ ደወል

ኒቬስ የክፍሏን መጋረጃ አልከፈተችውም። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከመጋረጃው ወዲያ በረንዳ አለ፤ ከበረንዳው ወዲያ ባሕር። በጨርቁ ስር ሾልኮ የገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። መርከቧ ከትሪየስቴ ወደብ ከተላቀቀች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስትሸጠው የኖረችውን ነገር ዛሬ ገና ልታየው ነው። ፈርታለች።

ወደቡ አጠገብ በምትገኘው ጠባብ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ሆና ስንቱን መርከብ ላይ አሳፍራለች። አዲስ ተጋቢውም፣ ጡረተኛውም፣ እናቱን ይዞ የሚመጣውም ምክሯን ፈልጎ ነበር የሚመጣው። በጣም ትልቅ መርከብ አትምረጡ፣ ከከተማ ሸሽታችሁ ከተማ ውስጥ ትገባላችሁ ትላቸዋለች። ሆዱ የሚገላበጥበት ሰው ካለ ክፍሉ መሃል ላይ ይሁን፣ ዝቅ ያለውን ያዙ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ከጭፈራ አዳራሹ ስር እንዳትተኙ። ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ የዋና ልብሳችሁን በእጃችሁ ያዙ። በየወደቡ ጉብኝት አትደርድሩ፤ አንዱን ቀን ሰው ሁሉ ሲወርድ እናንተ ቅሩ፣ ያን ቀን መርከቡ የእናንተ ነው። ይህን ሁሉ የምትናገረው እጅና እግር እያወጣች፣ እየሳቀች ነበር።

የመጨረሻዋን ምክር ስትናገር ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። መርከበኞቹ «አፍ» የሚሉት፣ በተራሮች መሃል የሚያስገባ ጠባብ ባሕር አለ። ገና ሲነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚገባበት፤ እንዳትተኙ። በግራ በኩል ሁኑ። ትንሽ ደሴት ታያላችሁ፣ ላይዋ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ያለባት። መርከቡ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ ደወል ይመልስለታል፤ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደወል። ያኔ የልባችሁን ለእግዚአብሔር ንገሩት።

ይህን የነገራት ባሏ ሊቪዮ ነው። በዚህችው መርከብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አስተናጋጅ ነበር፤ ያኔ የመርከቧ ስምም ቀለምም ሌላ ነበር። ከወራት በኋላ ሲመለስ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን እያወለቀ ባሕሩን ያወራላታል። እሷ ሁለት ልጆቿንና አልጋ የያዘች አማቷን ትታ የት ትሄዳለች? በእሱ አፍ ታያለች፤ ያየችውን ደግሞ ለሰው ትነግራለች። ሊቪዮ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ጡረታ ስትወጣ ይህችን መርከብ አፈላልጋ አገኘቻትና ለሌላው እንደምትመርጠው ለራሷ መረጠች፦ መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ፣ በግራ በኩል። ትንሿ ልጇ ሎሬዳና፣ እስቲ እማዬ ምክርሽን አንቺም ቅመሺው ብላ ስቃባታለች።

ለእራት ስትወርድ ሰው የሚጋራው ክብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ይህም የራሷ ምክር ነው፤ ብቻችሁን ከበላችሁ ጉዞው ይረዝማል ትላለች። አጠገቧ ከኡዲኔ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየው ብሩና ወሬ የማያልቅባት፣ አንገቷ በወርቅ የከበደ ሴት ናት። ባሏ ኦሬስቴ ዓሣውን ከአጥንቱ በመለየት ተጠምዷል። ብሩና ይህ አሥራ አራተኛ ጉዟቸው መሆኑን ነገረቻት፤ የቱ መርከብ ጥሩ ዳቦ እንዳለው፣ የቱ አልጋው እንደሚጎረብጥ ዘረዘረችላት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጉዟቸው ተመለሰች።

«ከትሪየስቴ ነው የገዛነው። አንዲት መነጽራም ሴትዮ ናት የሸጠችልን፣ አፏ ማር። ደወል ትሰማላችሁ ብላን እሱን በፒጃማ ጎትቼ አወጣሁት።»

«የተረፈኝ ጉንፋን ነው» አለ ኦሬስቴ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

«ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አልፈንበታል። ደሴቷ ጭጭ ናት። ዋሽታን ነው ሴትዮዋ። ግን ምን ታደርጊዋለሽ፣ እንጀራዋ ነው።»

ኒቬስ ሹካዋን አስቀመጠች። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ጸጉሯ ነጥቷል፣ ማንም አላወቃትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «መነጽሬን ቀየርኩ እንጂ እኔው ነኝ የሸጥኩላችሁ።»

ብሩና ፊቷ ቀላ። «ታዲያ አንቺስ ሰምተሽዋል?» አለቻት።

«መርከብ ስሳፈር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ኦሬስቴ ሊስቅ ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ጠርሙሱን አንስቶ ወይን ቀዳላት።

ሐሰተኛ መባሉ ያን ያህል አላመማትም። እሱን ለንስሐ አባቷ ተናግራ ትገላገለዋለች። የከበዳት ሌላ ነው። የትዳሯ ዕድሜ አብዛኛው በመለያየት ነው ያለቀው፤ ከሊቪዮ የተረፋት ወሬው ነው። ደወሉ ከሌለ ከወሬው ምኑ እውነት ነበር? ወጥ ቤት ተቀምጦ ሲያወራላት ማንን ነበር የምታዳምጠው?

ሰው ከጠረጴዛው ሲነሳ እሷ ቀረች። የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ሮዴል የሚባል፣ ሽበት የጀመረው ፊሊፒናዊ ነው። ስሙን ከድሮ ታውቀዋለች፤ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መርከብ ላይ ሲወጣ የጠረጴዛ ፎጣ ማጠፍ ያስተማረው ሊቪዮ ነበር። የማን ሚስት እንደሆነች ስትነግረው እጇን ያዘና ጎንበስ ብሎ፣ ለገዛ እናቱ እንደሚያደርገው ግንባሩን አስነካው።

መርከቧ በደሴቷ ስታልፍ ሊቪዮ የት ይቆም እንደነበር ጠየቀችው።

«መቆም?» አለ ግራ ገብቶት። «እኛ እኮ ባሕር አናይም፣ ሲኞራ።»

ወስዶ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ተወዛዋዥ በር ገፋላት። ክፍሉ መስኮት የሚባል የለውም። ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ የሚያጓራ ትልቅ የቡና ማሽን፣ ከጠረጴዛው በላይ ከዘንግ ላይ ተዘቅዝቀው የተሰቀሉ የወይን ብርጭቆዎች፣ ረድፍ በረድፍ። ሲነጋ ሁላችንም እዚህ ነን አላት፤ ሹካ እንወለውላለን፣ የቁርስ ስኒ እንደረድራለን። የምንተኛበትም ከዚህ በታች ነው። ከዚያ ማሽን በቀር ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

«ታዲያ የሚነግረኝን ከየት አመጣው?»

ሮዴል በፈገግታ መሬት መሬት አየ። ሊቪዮ እራት ሲያቀርብ እንግዶቹን ይጠይቅ እንደነበር ነገራት፤ ዛሬ ምን አያችሁ፣ ውሃው ምን ይመስል ነበር፣ ተራራው ላይ ጭጋግ ነበረ ወይ እያለ። አንዳንዱ ይሰለቸው ነበር። ለባለቤቴ ነው ይላቸዋል።

«ደወሉንስ?»

«ደወሉን ማንም አልነገረውም። እዚሁ ቆሞ ይሰማኛል ይል ነበር። ብረት ሆድ ውስጥ ምን ደወል አለ ብለን እንስቅበታለን፤ በሳቃችን ሌላ ነገር አይሰማም። እሱ ግን ያማትብና፣ ኒቬስ ይሄኔ ለቅዳሴ ተነስታለች ይላል።»

ኒቬስ ሌሊቱን የተኛች አልመሰላትም፤ ግን ተኝታ ነበር። ባሕሩ እንደ ሕፃን እያወዛወዛት፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል የሊቪዮ ጫማ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሲወድቅ ትሰማለች፣ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። ስትነሳ መጋረጃው ስር ያለው ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል።

ከፈተችውና ወደ በረንዳው ወጣች።

ተራሮቹ ከውሃው ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ጭጋጉ ወገባቸው ላይ ታጥቋል። ባሕሩ አንድ እጥፋት የለውም፤ መርከቧ በላዩ ላይ ሳይሆን በሰማይ ውስጥ የምትሄድ ይመስላል። ሁሉም ሊቪዮ እንዳላት ነው። የማታውቃቸው ሰዎች ለእሱ የነገሩት፣ እሱ ለእሷ የነገራት፣ እሷ ለሰው የነገረችው፣ አንድም ሳይጎድል። ከፊት ለፊት፣ በግራ በኩል፣ ደሴቷ ብቅ አለች።

ከላይ ካለው በረንዳ ላይ ብሩና በሌሊት ልብሷ ጎንበስ አለች። ኦሬስቴም ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጠገቧ ቆሟል።

«እስቲ ዛሬ ደግሞ እንየው ብዬ አስነሳሁት» አለቻት፣ ድምፅዋ እንደ ትናንቱ አልነበረም። «ደረስን እኮ። የት ልትሄጂ ነው?»

ኒቬስ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። በነጠላ ጫማ፣ የግድግዳውን መደገፊያ እየያዘች ደረጃውን ወረደች። ተወዛዋዡን በር ስትገፋው ስድስት ሰባት አስተናጋጆች ከነሹካቸው ቀና አሉ።

«ያን ማሽን አጥፋልኝ፣ ልጄ» አለችው ሮዴልን።

ሮዴል አጠፋው። ሌሎቹንም በእጁ ጸጥ አሰኛቸው።

ጥሩምባው ተነፋ። እዚህ ታች ድምፅ አይደለም፤ በእግር በኩል ገብቶ ጉልበት ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ዝም። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ከንፈሩን ነከሰ፣ ሳቁ ሊያመልጠው ነው። ኒቬስ ዓይኗን ጨፈነች። ላይ፣ ደሴቷ ይሄኔ ከበረንዳዋ ፊት እያለፈች ነው።

ወለሉ በቀስታ ዘመም አለ። መርከቧ ደሴቷን ልትዞር ነው።

ከራሳቸው በላይ አንድ ብርጭቆ ጎረቤቱን ነካ። ያኛው ሌላውን። ከዚያ ረድፉ ሁሉ ድምፁን ተቀባበለው፤ ቀጭን ሆኖ፣ ከሩቅ የሚመጣ መስሎ፣ እየተንሳፈፈ።

ሮዴል አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ኒቬስ ልታማትብ ያነሳችው እጇ ግንባሯ ላይ እንዳረፈ ቀረ፤ ገና እያዳመጠች ነበር።