ከምንላጨው ራስ ስር

እህቴ ሸሪፋ ለአባታችን ሻይ ስታቀብል ብርጭቆው ከእጇ ወጣ። አልጣለችውም፤ እጇ ራሱ ወረወረው። ክንዷ ሰው እንደ ገፋው ወደ ጎን ሄደ፣ ትከሻዋ ዘለለ፣ ሻዩ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ። እናታችን መርየም ልትቆጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ሸሪፋ አንዱን እጇን በሌላው ስትይዝና ሁለቱም አብረው ሲወራጩ ስታይ ቁጣውን ትታ ተጠጋቻት።

አባታችን በሺር ስባሪውን አላዩም። ያዩት የራሳቸውን ቀኝ እጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሸሪፋን እጅ ማየት ተዉ።

አባቴ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት ነበራቸው። የከተማውን ግማሽ ራስ የላጩት እሳቸው ናቸው እየተባለ ይቀለድ ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በመጀመሪያ ምላጩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ በመጨረሻ ሱቁን። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው «ብዙ የሠራ እጅ ይደክማል፤ ድካምን ማን በመርፌ አዳነ?» ይላሉ። እያደር እርምጃቸው አጠረ፤ ፊታቸውም ሊስቅ አስቦ የሚተው ፊት ሆነ።

ብርጭቆው ከሸሪፋ እጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሸሪፋ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ከእጇ አልፎ እግሯም ከንፈሯም ሳታዛቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ስትተኛ ብቻ ሁሉም ጸጥ ይላል። የክፍል ልጆች «ሸሪፋ እስክስታ» የሚል ስም አወጡላት። አስተማሪዋም የምታሾፍ መስሎት ከክፍል አስወጣት፤ እሷም ተመልሳ አልሄደችም።

አንድ ቀን ሱቁን ስንዘጋ አባቴ «ከእኔ ነው የወረደባት» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ይሄው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እጃቸው እያመለከቱ። «ሌላ ምን ነበረኝና ላወርሳት?»

እኔ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። የምመልሰውን ስፈልግ እሳቸው መዘግየቴን እንደ ስምምነት ቆጠሩት።

እናቴ ሸሪፋን ወደ ሰፈራችን ሼህ ወሰደቻት። ሼሁ ዱዓ አደረጉላትና «መርየም፣ ዱዓውን እኛ አንተውም። አንቺ ግን ልጅቷን ደሴ ውሰጃት። ጀሊሉ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ አውርዷል» አሉ። አባቴ አብረው እንዲሄዱ ብንለምናቸው እንቢ አሉ። «እኔን ካዩኝ መልሱን ከእኔው ላይ ያነቡታል» አሉ።

ደሴ ያየን ሐኪም ዶክተር እዮብ የሚባል ወጣት ነበር። መሣሪያ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጣቶቹን ዘረጋላት።

«ጨብጪልኝ። በቃ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ሸሪፋ ጨበጠች። የዶክተሩ ጣቶች ሲጨመቁ፣ ሲላሉ፣ ደግሞ ሲጨመቁ አየሁ።

«ላም አልበሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አያቴ ቤት አልቤ አውቃለሁ።»

«አሁን ደግሞ እኔን እያለብሽኝ ነው።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ሸፈነች። «ይሳቁ እናቴ» አለ ዶክተሩ። «እኛም ስንማር ያሉን ይህንኑ ነው። ይህ በሽታ ያለባት ልጅ ጨብጣ መቆየት አትችልም፤ እጇ እንደሚያልብ ሰው ይጨብጣል፣ ይለቃል።» ከዚያ ደረቷን አዳመጠና ከእጇ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ጠየቀ። «ከጥቂት ወራት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

እኔና እናቴ ተያየን። አሟት ነበር። በማርና በሎሚ አስታመን፣ ሲሻላት ረስተነው ነበር። ይህ ሰው ጣቶቹን ብቻ አስጨብጦ እኛ የረሳነውን የጉሮሮ ሕመም እንዴት አገኘው?

ዶክተሩ ቀስ ብሎ አስረዳን። የሸሪፋ ሰውነት ጉሮሮዋ ውስጥ የገባውን ጀርም ሊወጋ ተነሳ። ጀርሙ ከጠፋ በኋላ ግን፣ አንጎሏ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዘውን ቦታ ጠላት መስሎት ይወጋው ጀመር። ያ ቦታ ተቆጣ።

«ተቆጣ ማለት?» አልኩ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«ምላጭ ያለፈበት ቆዳ ምን ይሆናል?»

«ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ተቆጣ እንላለን።»

«እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ አንተ አልኮል ልትነሰንስበት የማትችልበት ቦታ መሆኑ ነው።»

ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን አዘዘላት፤ ጀርሙ ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ ደግሞ በየወሩ የሚወጋ መርፌ። ክኒኑን ከቁርስ በኋላ እንድትወስድና በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ አስጠነቀቃት። በቤተሰብ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ ወይ ሲል እናቴ አንገቷን ደፍታ ስለ አባቴ ነገረችው።

«የእሳቸው ሌላ ይመስለኛል» አለ። «ግን ሳላያቸው አልናገርም። ያምጧቸው።»

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት አየሁ። የቀጣዩንም አየሁ። እኔና አባቴ ይህን ሁሉ ዘመን ራስ ስንላጭ፣ ከጣታችን ስር፣ ከአጥንቱ ማዶ፣ ብርጭቆ አንሳ፣ በር ክፈት፣ ሳቅ እያለ የሚያዝ ነገር ነበረ። እኛ የምናውቀው ግን ፎረፎሩን ብቻ ነበር። በማግስቱ የመጀመሪያውን ደንበኛ ስላጭ እጄ ከወትሮው ይልቅ ቀለለ። «ምነው፣ እንቁላል ያዝክ እንዴ?» አለኝ።

አባቴ የሐኪሙን ቃል እናቴን ሦስት ጊዜ አስደግመው ሰሙና «ሌላ ይመስለኛል ነው ያለው እንጂ ሌላ ነው አላለም» አሉ።

ክኒኑ ግን ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ከንፈሯ ተረጋጋ፣ ከዚያ እግሯ። አንድ ጠዋት ሸሪፋን በረንዳ ላይ ተቀምጣ በመርፌ ዐይን ክር ስታስገባ አገኘኋት። የምትሰፋው ነገር አልነበራትም። ታስገባለች፣ ትመዘዋለች፣ ደግማ ታስገባለች። አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ። ከጥፍር የምታንስ ክኒን ሆድ ወርዳ፣ በደም ተሳፍራ፣ ሽቅብ ወደ ራስ ቅል ወጥታ እሳቱ ያለበትን ቤት እንዴት አገኘችው? መንገዱንስ ማን አሳያት? «ምን ያስፈዝዝሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ሱብሐነላህ ማለት ፈልጌ ከአፌ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አባቴ ተለወጡ። ገንፎ ጨምሩልኝ ማለት ጀመሩ። ጠዋት ከሰው ቀድመው ይነሳሉ፣ ሱቁ ድረስ መጥተው ከደንበኛ ጋር ይቀላለዳሉ። እናቴ ሳህናቸውን እየሞላች «ምነው፣ ሁለተኛ ሚስት አማረዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«አንደኛዋ መች አስተነፈሰችኝና?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እጃቸው ግን ያው ነበር። «ሻዩም ይመራል» አሉ አንድ ቀን።

«ቅመም ጨምሬበት ነው» አለች ሸሪፋ።

በዚያው ሰሞን የሸሪፋ ትከሻ እንደገና ዘለለ። ከዚያ ጣቶቿ። መርፌና ክሩን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ አባቴ ግን ተነስተው ጫማቸውን ፈለጉ። «ልጅቷ ወደ እኔ በሽታ እየመጣች ከሆነ ሄጄ በጆሮዬ ልስማው» አሉ።

ዶክተር እዮብ እንደገና ጣቶቹን አስጨበጣትና ፊቱ ተለወጠ።

«ክኒኑን እንደ ነገርኩሽ እየወሰድሽ ነው?»

ሸሪፋ ወለሉን አየች። «ግማሹን።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«አባባ ሻይ ውስጥ ነው።»

አባቴ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ፤ አንገታቸው ብቻውን ስለማይዞር መላ ሰውነታቸው ነው የዞረው።

«ቅመም ያልሽኝ?»

«የአንቱም ይቆማል ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞራ፣ እጇ እየተወራጨ፣ «የእኔ አንጎል ስለተቆጣ ነው አላሉም? ክኒኑ ያንን አበረደ። የአባባም ተቆጥቶ ይሆናላ» አለችው።

ዶክተሩ ይጮህባታል ብዬ ነበር። አልጮኸም። መጀመሪያ አባቴን መረመራቸው። ክንዳቸውን ሲያጥፍና ሲዘረጋ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየያዘ ይለቅ ነበር። አራመዳቸው፤ ጣት ከጣት አስነካቸው። ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳርና ግፊታቸውን አስለካ። ከዚያ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ሲያስበላዎትና ሲያስነሳዎት የነበረው ክኒኑ ነው፤ መዳን አይደለም። ያለ ሐኪም ሲወሰድ ብዙ ነገር ያበላሻል። በአንዴም አይተውም፤ እኔ ቀስ እያልኩ አስቆምዎታለሁ። አንቺም ሁለተኛ እንዳታደርጊው። አንጎልሽን ልትጎጂው ነበር።»

ሸሪፋ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥያቄሽ ግን…» አለ። «የአባትሽ በሽታ ፓርኪንሰን ይባላል። እንቅስቃሴን የሚያዙት የአንጎል ሕዋሳት ቀስ እያሉ ይሞታሉ። በሚሞቱበት ዙሪያ ደግሞ መቆጣት ታይቷል። ያንን መቆጣት በመድኃኒት ብናበርደው ሞቱ ይዘገይ ይሆን ብለው ትልልቅ ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች ዛሬ እየመረመሩ ነው። አንቺ በሻይ ብርጭቆ ሞከርሽው።»

«መልሱስ?» አለች።

«አላውቅም። እስከ ዛሬ ያወቀው የለም።»

ዶክተሩ ከነገረን ሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ ነበር። እህቴ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ክኒን በጥርሷ ስትገምስ፣ በማላውቃቸው አገሮች ያሉ ሊቃውንት የቆሙበት በር ላይ ቆማ ነበር። በሩም ለእነሱም ለእሷም ገና አልተከፈተም።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለታችንም ተቆጥቶብናል ካልክ፣ ታዲያ ከእኔ ነው ማለት አይደል?»

«ምላጭም ቆዳ ያስቆጣል፣ ቁንጫም ያስቆጣል» አለ ዶክተሩ። «ቁንጫውን ግን ምላጩ አልወለደውም። የእሷ ከጉሮሮዋ የመጣ ነው፤ ይድናል። የእርስዎ አይድንም፤ ግን እጅና እግርዎን የሚያፍታታ የራሱ መድኃኒት አለው።»

አባቴ ግን ያመኑ አይመስሉም ነበር።

መድኃኒቱን ገዝተን እዚያው ደሴ ፒያሳ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። አባቴ ውኃ አዘዙና ሸሪፋ የዕለቱን ክኒኗን ፊታቸው እንድትውጥ አደረጉ።

«አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ።»

ከፈተች። ምላሷ አልቆም ብሎ ወጣ ገባ አለ።

«አንቱም ይክፈቱ» አለች፣ እሳቸው የራሳቸውን ሲውጡ።

«እኔን ማን ይጠረጥረኛል?»

«እኔ።»

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ አባቴ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሸሪፋ እጅ አጠገብ አኖሩ። ልታሸሸው ስትል «ተይው፣ አታንሺው» አሏት። ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ። የእሳቸው አውራ ጣት በሌባ ጣታቸው ላይ፣ የሙስበሃ ዶቃ እንደሚቆጥር ሰው፣ በአንድ ልክ ይመላለሳል። የእሷ ልክ የለውም፤ ትንሿ ጣቷ ትዘላለች፣ አንጓዋ ይጠመዘዛል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ካልታሰበ ቦታ ይነሳል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጅ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰው እጅ ሲያዩ አይሳሳቱም።

«አይመሳሰሉም» አሉ።

«ሐኪሙ ነግረውን የለም እንዴ?» አለች ሸሪፋ። «ዛሬ ገና አዩት?»

«ዛሬ ገና አየሁት።»

አስተናጋጇ መጥታ ምን ላምጣላችሁ አለች። አባቴ ዐይናቸውን ከሸሪፋ እጅ ላይ ሳያነሱ «ቆዪ፣ ልጄ» አሏት።