የባምላኩ መቆንጠጫ

«ድንጋይ እንኳ ዝናብ ሲመታው ይርሳል» አለች እህተ ማርያም፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት የምትናገር መስላ። ነገሩ ግን ለያምሮት ነበር። አባቷ በያጁ ባምላኩ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ያምሮት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠች ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። አክስቷ እህተ ማርያም ደረቷን እየመታች ወንድሟን ባሞገሰች ቁጥር የለቀስተኛው ዓይን ወደ ልጅቱ ይሄዳል። ያምሮት ማልቀስ ጠልታ አይደለም፤ እንባው እንቢ አላት። ደክሟታል። «እግዜር ያጥናሽ» ለሚላት ሁሉ አንገት መነቅነቁ ራሱ ደክሟታል።

የሚንሾካሾኩትን ታውቃለች። አባቷን ፍኖተ ሰላም ጥላ ቡሬ ገባች፣ ዓመት ሙሉ ደውላ አልጠየቀችውም፣ አሁን ምን ሊያስለቅሳት ነው ይላሉ። ሐሜቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበዳት።

የተጣሉት በአንድ ቁራጭ ብረት ነው። የብየዳ ማሽኑን የግራውንድ ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያይዘው መቆንጠጫ ሲሰበርበት ባምላኩ ሱቅ አልሄደም። ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ ሁለት መንጋጋ ቆረጠ፤ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ወንበር ሞላ ፈታ፤ ከተቃጠለ ሞተር መዳብ አወጣ። ሦስት ቀን ሲሞርድና ሲቀጠቅጥ ሰንብቶ የአዞ አፍ የመሰለ ነገር ሠራ። በር ሊያሠራ ከደምበጫ የመጣ ደንበኛ አይቶት ሳቀ። ብየዳውን ከአባቷ የተማረችውና አብራው የምትሠራው ያምሮት በኀፍረት ተቃጠለች።

«አባ፣ ይኼን ውዳቂ ይጣሉትና እንደ ሰው ሰው ፊት እንቁም» አለችው።

«ብረት መች ያፍራል ልጄ» አላት ሳይቆጣ፣ «ሰው ነው የሚያፍር።»

በሳምንቱ ቡሬ አዲስ ዕቃ ያለው ጋራዥ ተቀጠረች። በመጀመሪያ ደመወዟ የሚያብረቀርቅ መቆንጠጫ ገዝታ በአውቶቡስ ረዳት ላከችለት። ፍቅርም ነበረበት፣ ማሳፈርም። እሱ ደረሰኝ አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁለቱም ግትር ነበሩ።

በዚያው የለቅሶ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጋቢት ነፋስ ድንኳኑን አንስቶ ሲጥለው አንዱ የብረት እግሩ ከመገጣጠሚያው ተገነጠለ። ወንዶቹ ሸራውን ይዘው ቆሙ። የእድሩ ዳኛ አያ ገነነ ሌላ በያጅ ይጠራ ሲል ያምሮት ከፍራሹ ተነሣች።

«ሣልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ሥራ ትነካለች? ምን ጉድ ነው!» አለች እህተ ማርያም።

«ይኼን ብረት የበየደው ባምላኩ ነው» አለ አያ ገነነ። «እሷ ካልነካችው ማን ይንካው?»

የአባቷ ብየዳ ቤት ከድንኳኑ ጀርባ ነው። ገብታ የብየዳውን ገመድ ስትስብ ጫፉ ላይ የታሰረው እሷ የላከችው መቆንጠጫ ሆነ። ዕቃው ግን ያው አልነበረም። አንዱ መንጋጋው ተሰብሮ በባሌስትራ ቁራጭ ተተክቷል። ሞላው የሞተር ሳይክሉ ወንበር ሞላ ነው። የሚነክስበት ቦታ ላይ ያ መዳብ ተለብዷል። ጎንበስ ብላ ብረት ከሚታሰርበት ሞርሳ ሥር ያን የአዞ አፍ አገኘችው፤ ግማሹ ተቆርጦ፣ ሞላውም መዳቡም ወልቆ።

የሷ ስጦታ ሲሰበር ወደ ራሱ መቆንጠጫ መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ሦስት ቀን የለፋበትን፣ የኮራበትን ቆራርጦ የሷን አዳነ። ይህንንም አልነገራትም።

መሣሪያውን ይዛ ወጣች፤ የተገነጠለውን እግር ከሸራው አርቃ አጋደመችው። መቆንጠጫውን ስታስነክሰው ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«ዓይናችሁን መልሱ» አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ የብየዳው ብርሃን ዓይኑን እንዳይወጋው ጀርባውን ሰጣት፣ እህተ ማርያምም ጭምር። ያምሮት ጭንብሉን አወረደችና የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ብረቱ ላይ ጫረች። እሳቱ ሲንጣጣ እንባዋ መጣ። «አባ» አለች፣ «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ»፤ ማንም አልሰማትም። ጭንብሉ ውስጥ አገጯ ራሰ፣ የምትበይደው መሥመር ደበዘዘባት፤ እጇ ግን የለመደውን መንገድ ሄደ።

«አለቀ?» አለች አክስቷ ፊቷን እንዳዞረች።

ብየዳው አልቆ ነበር።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች ያምሮት፤ ሌላ ኤሌክትሮድ ሰካችና ባለቀው ላይ ደግማ ጫረች።