ከጎን ወንበር የሚረገጥ ፍሬን

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ጆሮዬ የሚወራውን ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያወሩላችሁ ሰዎች ብዙ ቀንሰውላችኋል። የሞተ ሬዲዮ ሳልከፍት የቱ ሽቦ እንደተበጠሰ አውቃለሁ። ጉንዳን ግድግዳ ላይ ስትሄድ የትኛው እግሯ እንደሚያነክስ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ ሱቅ ውስጥ ታስሮ መቅረት ስለሌለበት፣ መኪና መግዛት የፈለገ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ እኔን ይዞ ይሄዳል። አሠራሬ የታወቀ ነው። ኮፈኑን አስከፍታለሁ፣ ሞተሩን አስነሣለሁ፣ የካቻቢቴዬን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሻጩ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ወይ «ይገዛል» ወይ «ይቅር» እላለሁ፤ ይግባኝ የለውም።

ከመኪና ሥር ግን ገብቼ አላውቅም። «የመኪና ነፍሷ ከላይ ነው፤ ከሥር የሚገባው ድመት ነው» ስል ሰው ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ሆዴ ነው። ሱፌም ነው።

ታናሽ እህቴ መኪና ልግዛ ያለችው ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደም ትመረምራለች፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንበሯ ላይ መገኘት አለባት። እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ዳገት አለ።

«ጋሼ፣ ወረፋውም ዝናቡም አንገሸገሸኝ» አለችኝ። «ትንሽ፣ ነዳጅ የማትጠጣ፣ የትም ጥጋት የምትቆም መኪና ፈልግልኝ። አንተ ያልከውን እገዛለሁ።»

«ላንቺማ ከሰማይ አወርድልሻለሁ!» አልኩ። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ እንጂ ልመርጥላት አልፈለግኩም ነበር።

ለምን እንደሆነ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለእሷ አልነገርኳትም ነበር። የባሏንም መኪና የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እኛ በቅጽል ስሙ «ቀስ በል» እንለው ነበር። ሰው ሲነዳ ከጎን ከተቀመጠ ቀኝ እግሩ አያርፍም። እሱ ጋ የሌለውን ፍሬን፣ ምንጣፉን፣ ድም! አድርጎ ይረግጣል። «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ!» ይላል። እኔ ደግሞ እሱን ለማስረገጥ ብዬ ሆን ብዬ እፈጥን ነበር። የእሱን መኪና በካቻቢቴ አዳመጥኳት፤ እንደ ጨቅላ ሕፃን ትተነፍሳለች። «ይገዛል» አልኩ። በተገዛች በሰባተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማዋ ተገንጥሎ ወጣ።

ስብርባሪውን ያነሣው መካኒክ ወደ ጎን ወስዶ አሳየኝ። ጎማውን የሚይዘው ብረት በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፤ ሻጩ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሸፍኖታል። «በጥፍር ቢጫር ይረግፍ ነበር። ሲገዛ ከሥር ያየለት ሰው አልነበረም?» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩ።

ለቤተሰቡ «ዝናቡ ነው» አልኩ። የእኔን ጆሮ ያመነ ቤተሰብ ዝናቡንም አመነ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ደብተር ይዛ መጣች። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍላዋለች። በሊትር ስንት ትሄዳለች፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል ወይ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ትላለች፣ ዳገት ላይ ታለቅሳለች ወይ። ከሁሉ በታች ሰፊ ባዶ ቦታ ትታ «ጋሼ ምን አለ?» ብላ ጽፋለች። ያቺን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት።

የመጀመሪያዋ ቀይ ነበረች፤ ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም።

«ዶክተር፣ ይቺ መኪና ስንት ጥርሷ ወልቋል?» አልኩት።

«አንድም! እርስዎ አፍዎን ከከፈቱልኝ ግን ሁለት የሚነቀል አላጣም» አለኝ። ደፋር ሐኪም ነው።

አዳመጥኳት፤ ሞተሯ ደህና ነው። መሪውን እኔ ያዝኩ፣ እህቴ ከኋላ ተቀመጠች። ከቀብሩ ወዲህ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቼ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ፣ ከጎኔ፣ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት፣ ድም!

የላላ ነገር ነው አልኩ። መብራት ጋ ቆሜ ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩ። የላላ ነገር የለም። ምንጣፉ ላይ ግን ገባ ያለ ነገር አለ፣ ተረከዝ የሚያህል።

«ይቅር» አልኩ።

«እንዴ! ምን ተገኘባት?» አለች እህቴ።

«የማይሰማ ድምፅ አላት።»

ያለወትሮዬ እውነት መናገሬ ነበር። እሷ ግን ቀልድ መስሏት ጻፈችው።

ሁለተኛዋ ብርማ፣ አውቶማቲክ ናት። ባለቤቷ የጽሕፈት መሣሪያ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ መኪናዋ ውስጥ እንኳ እስክሪብቶ በቀለም በቀለሙ ደርድራለች። ለጠዋት ጭንቅንቅ የሚመች መኪና ነው፤ ግራ እግርህን ቤት ትተህ ብትመጣ ይሄዳል። ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ሳንደርስ፦ ድም! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጠንከር ብሎ፦ ድም!

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትረግጠው?» አለች እህቴ ከኋላ።

እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ጆሮዬ አብዶ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበርና።

«ፍሬን ነዋ» አልኩ።

«መኪናዋ መች ቀነሰች?»

በመስታወቱ ሳያት ባዶውን ወንበር እያየች ነበር። ደብተሩ ተዘግቷል።

ሦስተኛዋ የአንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናት። ነጭ፣ ከፍ ያለች፣ በመርፌ ቀዳዳ የምታልፍ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ከቤትና ከሱቅ ሌላ መንገድ አታውቅም። ሚስቴ እንኳ ይህን ያህል አልታዘዘችኝም» አሉ። ከውስጥ ሚስታቸው «እሰማለሁ!» አሉ።

ካቻቢቴውን ደገንኩ። እንዲህ ያለ ሞተር በሕይወቴ አልሰማሁም፤ ስፌት እንደሚሰፋ መኪና እኩል፣ ንጹሕ። እህቴ ግን ቁልፉን ከእጄ ወሰደች።

«የምነዳት እኔ ነኝ። አሁን ልሞክራት። አንተ ከጎኔ ግባ።»

ገባሁ። ፊት ስትቀመጥ ካየኋት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አነዳዷ ግን ደህና ነው። አደባባዩን ዞረች፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፣ በሁለት አውቶቡስ መሃል ሸርተት አለች። ልቧ ሞላ፣ ፈጠን አለች። በዚህ ጊዜ ቀኝ እግሬ ተነሣ።

እኔ አላነሣሁትም። በምላሴ ስንቱን ፈጥሬያለሁ፤ ይህን ግን ካልፈጠርኩት ቍጠሩልኝ። ጉልበቴ ወደ ላይ ወጣ፣ ተረከዜ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ድም! ልመልሰው ብል በሁለት እጄ ይዤውም እምቢ አለኝ። ድም!

እህቴ መኪናዋን ዳር አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንደሱ አትርገጥ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ወርጄ የፊት ጎማዎቹን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ እንድታወጣልኝ ጠየቅኳት። አወጣችና የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች። ጃኬቴን አውልቄ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየኝ፣ በጀርባዬ ከሥር ገባሁ። ሆዴ ከብረቱ ጋር ተሳሳመ። አንድ አላፊ አግዳሚ «መኪናዋ ወለደች እንዴ?» ብሎ አለፈ።

በጥፍሬ ጫርኩ። አንዱን ብረት ጫርኩ፣ ሌላውን ጫርኩ። ዝገት የለም። ቀለም የለም። እንደታጠበ ድስት ነው። የማገኘው ነገር ቢኖር እንዴት በወጣልኝ! «ከሞት አዳንኩሽ» ብዬ እወጣ ነበር፤ ዕድሜ ልኬንም አወራው ነበር። ምንም አልነበረም። ከላዬ ጥቁር ብረት፣ ከጎኔ የእህቴ ጫማዎች።

ለጫማዎቹ ነገርኳቸው።

«የእሱን መኪና ከሥር አላየሁትም። ዝናብ አይደለም። ብረቱ ዝጎ ነበር፤ መካኒኩ አሳይቶኛል። ሱፌ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»

ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ዞሩ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወደ ላይ ወጡ። መኪናዋ በእሷ በኩል ዝቅ አለች፤ ብረቱ ደረቴን ጫን አለኝ። የመኪናዋ ቁልፍ እዚያው ማስነሻው ላይ እንደተሰካ ነው። ልውጣ ብል ሆዴ ያዘኝ።

ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ በወዲያኛውም በኩል ዝቅ አለች። በር አልተከፈተም። ሌላ ጫማ አላየሁም።

ከላዬ እህቴ ስታወራ ሰማሁ፤ በጣም በዝግታ፣ ለእኔ ሳይሆን። ያ የጉንዳን እግር የሚሰማ ጆሮ አንዲት ቃል አልለየም። መልስ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ዝም ስትል መኪናዋ በወዲያኛው በኩል ቀና አለች።

«ውጣ» አለች።

እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ፤ ሁለት የሸሚዜ ቁልፎች ተበጥሰዋል። የፊቱን በር ልከፍት እጄን ስሰድ፣ «ከኋላ» አለች። ከኋላ ገባሁ። ጉልበቴ አገጬን ነካኝ። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት መመለስ ጀመረች፤ መንገዱን እንጂ እኔን አታይም።

«እወስዳታለሁ፤ መጀመሪያ መካኒኩ ከሥር ያያታል። ለስንት ሰው መኪና መርጠሃል?»

«ኧረ ተይኝ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ...»

«ቍጥር።»

«አሥራ አንድ» አልኩ። እውነተኛው ቍጥር ለአፌ እንግዳ ሆነበት።

«ከሥር ያየኸው?»

«የለም።»

«አሁን ደውልላቸው። ሁሉንም፣ እየሰማሁህ።»

ስልኬ ላይ መጀመሪያ የወጣልኝ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ነው። አምና የመረጥኩለትን ሰማያዊ መኪና ይነዳል። በሁለተኛው ጥሪ አነሣ፤ ከኋላው ልጆች ይንጫጫሉ፣ ንፋስ በመስኮት ይገባል።

«ጋሼ! ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆቹን ይዤ ከከተማ እየወጣሁ ነው። ይቺ መኪናህማ ትበራለች!»

«ዳር ያዝና አቁም» አልኩት።

«ምን? አልሰማሁህም! ምን ሆነሃል?»

እህቴ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነበር።

«ከሥር አላየኋትም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።