ሂባቅ የቆጠረቻቸው አያቶች

የቪዲዮ ገጼን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» ወተቱ ከየት ይመጣል፣ ውሃ ገብቶበታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማን ልጅ ነሽ! ሐርጌሳ ውስጥ ሰው ከአንቺ በፊት ከአያትሽ ጋር ነው የሚተዋወቀው። እኔም የግመል ወተቴን በትልቅ ብርጭቆ ጭልጥ አድርጌ እጠጣና፣ ከንፈሬ ላይ የቀረውን አረፋ ሳልጠርግ ካሜራው ላይ አፍጥጬ፣ «የግመል ልጅ ነኝ፤ ምን ይሁን?» እላለሁ። ያኔ ሕዝቡ በሳቅ ይንከተከታል። ለንደን ያለው ልጅ፣ ሚኒሶታ ያለችው ልጅ፣ «ኢዲልዬ፣ ለእናቴ ሁለት ሊትር አድርሺልኝ» ብለው ገንዘቡን በስልክ ይልካሉ።

በዚህች ቃል ሦስት ዓመት ኖርኩባት። ከዚያ በፊት ገበያ ውስጥ ከአርባ ሴት ጋር ጃንጥላ ሥር ተደርድሬ፣ በጠዋት የተረከብኩት ወተት እስኪኮመጥጥ አላፊ አግዳሚውን ስለማመጥ ነበር የምውለው። ከእነዚያ አርባ ሴቶች ማን ከማን እንደሚለይ እናታቸውም አታውቅም። ስልኬ ግን ስም ሰጠችኝ። የራሴ በር፣ የራሴ ሱቅ፣ በቀን ስድሳ ሊትር! ያቺ ቃል ደግሞ ለቀልድ ብቻ አልነበረችም። የእኔ ጎሳና የባሌ የኢልሚ ጎሳ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በጉድጓድ ውሃ ተጋድለው ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዱ ከአፌ ካመለጠ ግማሹ ከተማ ወተቴን እንደማይቀምሰው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ታዲያ ምን ነካኝ?

ዓርብ ጠዋት ነው። ወተት ሲቀዳ እየቀረጽኩ ነበር። ልጄ ሂባቅ፣ አምስት ዓመት ተኩል ናት፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብላ በተረከዟ እየደበደበች አባቶቿን መቁጠር ጀመረች። «ሂባቅ፣ ኢልሚ፣ ሮብሌ፣ ጉሌድ፣ ሺርዋ…» ኢልሚ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከበርበራ ሲመለስ ማታ ማታ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያስተማራት። የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ስሞቹ በክፍተቱ ሲያፏጩ አንጀቴን በሉት። ስልኩን ወደ እሷ አዞርኩ። አሥራ ስምንቱንም አንድ ሳትስት ዘለቀችው። እኔም ሳላመነታ ለቀቅሁት።

አሥራ ስምንተኛው ስም የኢልሚ ጎሳ አባት መሆኑን ረሳሽው ወይ ብትሉኝ፣ ወላሂ አልረሳሁም። አልታየኝም እንጂ። የሰማሁት የልጄን አፍ ነው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ደስታ ነበር። ስልኬ ጋለ። «ማሻአላህ!» «አላህ ያሳድጋት!» ከዚያ አንዱ፣ «ለካ የእነሱ ነሽ?» ብሎ ጻፈ። ይሄ የእኔ ወገን ነው። «ሦስት ዓመት እናቴን ስታጠጪያት ኖርሽ፣ ግመሏ!» የኢልሚ ወገኖች ደግሞ በተራቸው፣ «ልጅቷ የኛ ናት፣ እናቷ ግን የማን ናት? ወተቱስ የማን ግመል ነው?» እያሉ ቆፍረው ቆፍረው የአባቴን ስም አወጡት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ቪዲዮውን ባጠፋው ሌሎቹ ቀድተው ለቀውታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

ቅዳሜ ከስድሳው ሊትር የተሸጠው አሥራ አንድ ነው። እሑድ ሰባት። ከለንደን የሚያዙት ስልኬን ማንሳት ተዉ። «ለእናትሽ ዛሬ ምን ያህል ላድርስ?» ብዬ ድምፅ የላክሁላት አንዷ፣ «እናቴ ወተት ትታለች» አለችኝ። የሰባ ዓመት ሴት ወተት ትታለች! የቀረውን አፍልቼ፣ አኮምጥጬ፣ ለጎረቤት አድዬ፣ ሲያቅተኝ ቱቦ ውስጥ ደፋሁት። የግመል ወተት መድፋት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በሬን ዘግቼ ነው የደፋሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኞ የመጣውን ወተት በዚያው መኪና መለስኩት፤ ወዲያው አክስቴ ደሃቦ ከገጠር ደወለች። የአባቴ እህት ናት፤ ከስምንት ሴቶች ወተት ሰብስባ ማለዳ በሚመጣው መኪና የምትልክልኝ እሷ ናት።

«ኢዲል፣ ጀሪካኖቼ ወተት ይዘው እየተመለሱ ነው።»

«አክስቴ፣ ጥቂት ቀን ታገሺኝ።»

«እኔስ ልታገስ። ለግመሎቹ ማን ይንገርልሽ? የልጅሽ አባቶች አሥራ ስምንት ናቸው አሉ፤ እነሱ ይጠጡልሽ እንጂ!»

«አታሹፊብኝ አክስቴ፣ በቁሜ ሞቻለሁ።»

«እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስም ከተመለሰ ለሌላ ነጋዴ እሰጠዋለሁ። ሴቶቹ ልጆች አሏቸው።»

ማክሰኞ የኢልሚ የአጎት ልጅ ሳዶ መጣች፣ ሽቶዋ ቀድሟት። «ሠላሳ ሊትር በየቀኑ እኛ እንወስዳለን» አለች። «ገጽሽ ላይ ‹የኢልሚ ጎሳ ምራት ነኝ› ብለሽ ተናገሪ፣ አለቀ።»

«ይህን ብናገር አክስቴ አንዲት ጠብታ የምትልክልኝ ይመስልሻል?»

«ያንቺ ጉዳይ ነው። የግመል ልጅ አልነበርሽ?» ብላ ስቃብኝ ወጣች።

ኢልሚ መንገድ ላይ ነው፤ በረሃው ኔትወርክ የለውም። ሁለቱ ወገኖች መሐል አንድ ስልክና ስድሳ ሊትር ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። እንደገና ጃንጥላ ሥር! አርባ አንደኛዋ ሴት ልሆን! ያንን ሳስብ አእምሮዬ ተገለበጠ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሂባቅን ጠርቼ ፊት ለፊቴ ጀሪካን ላይ አስቀመጥኳት።

«ሂባቅዬ፣ አዲስ ጨዋታ አለን። ከእኔ በኋላ በይ። ሂባቅ፣ ኢዲል፣ ቡራሌ፣ ሐይድ…»

ሳቀች። «እማ፣ ተሳሳትሽ። ከእኔ ቀጥሎ አባዬ ነው።»

«ዛሬ እንደዚህ ነው የሚባለው።»

«አባዬ እንዲህ አላለም።»

«አባትሽ እዚህ የለም! በይ ነው የምልሽ!» ብዬ ጀሪካኑን በጥፊ መታሁት። ልጄ ጀሪካኑ ላይ ሽንቷን ለቀቀች።

እኛ ዘንድ ልጅ በእናቱ ስም የሚቆጠረው አባቱ ያልታወቀ ሲሆን ነው። ስድብ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፣ እኔም አላጣሁትም። ግን የእኔ ወገኖች አንዲት ጥርስ የወለቀች ልጅ የእነሱን አባቶች ስትጠራ ሲሰሙ ልባቸው እንደሚሟሟ አውቅ ነበር። አጠብኳት፣ ልብሷን ቀየርኩ፣ እንባዋን ጠረግሁ፣ ከንፈሯ ላይ የወተት አረፋ ቀባሁላት። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ አንድ ስም ሳትስት አለችው። ለቀቅሁት።

ወሬ እግር አለው። ማታውኑ ስልኬ ነፍስ ዘራ። «እንዲህ ነው እንጂ የእኛ ልጅ!» «ለእናቴ አራት ሊትር!» የኢልሚ ወገኖች የወረወሩትን ስድብ አልደግመውም፤ ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ዘለልኩት። ሐሙስ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የእኔ ወገን ሽማግሌዎች ጠርሙስ ይዘው፣ ሴቶች ጀሪካን ይዘው። አራት ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሊትር ሄደ። አክስቴ ደውላ፣ «አንበሳዬ! ነገ ሰባ ልላክ?» አለችኝ። «ሰማንያ አድርጊው» አልኳት። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ደጋግሜ።

ኢልሚ የገባው ያን ጊዜ ነው። ልብሱ አቧራ ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ የስልኩ ባትሪ አልቋል። ምንም አልሰማም። ሰልፉን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኢዲል፣ ከተማውን እዚህ ሰበሰብሽው እኮ!» ብሎ ሂባቅን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣት።

«እስቲ የኔ እመቤት» አላት፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሯት፣ «አባቶችሽን ቁጠሪላቸው።»

የሽማግሌዎቹ ዓይን መሬት ወረደ። ሂባቅ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አጠገቤ ያለውን ጀሪካን አየችው፣ ከዚያ መልሳ እኔን።

«እማ፣ የቱን ልበል?»

ኢልሚ ሳቀ። «የቱን ማለት ምንድነው?» አለ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። እኔ፣ ለሦስት ዓመት ዓለም ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ ያላጣሁት፣ ማንቆርቆሪያውን ጀሪካኑ ላይ ዘጭ አደረግሁት። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት አፍሬ አላውቅም።

ልጄ የተቆጣኋት መሰላት። የአባቷን ፀጉር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «እማ ጀሪካኑን አትምቺው፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ!» አለችኝ።